ስለ ቤዝ ጊታር አንገትና ስለ ወላጅ ኪስ

የዛሬው ንግግሬ ቤዝ ጊታር የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ነው። ርእሱን የሰማ ሰው፤ «የመንግሥት ሠራተኛ የቤት ኪራዩንና የጤፉን ዋጋ ያስላ እንጂ ከጊታር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ «ቤዝ ጊታር ግዙልኝ» እያለ ወላጆቹን የሚለምን ወጣት አለ። አንዱ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ገብቶ፤ ሁለተኛው በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ተሰልፎ፤ ሦስተኛው ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ይህን መሣሪያ ለመማር ቈርጦ ተነሥቷል።

ገንዘቡን የሚያወጣው ወላጅ ሲሆን ዕቃውን የሚመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ነው። ወላጅ በዋጋው ሲከራከር ይቈይና ስለ መሣሪያው አሠራር አንዳች ሳይጠይቅ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ልጁ የግራ እጁን አንጓ ያመዋል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ጊታሩም ከአልጋ ሥር ገብቶ አቧራ ይለብሳል። በዚህ ጊዜ ወላጅ፤ «ልጄ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አይደለም፤ ተሰጥዎም የለው» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ የከበደ ኪሳራ ነው፤ ልጁ ራሱም አምኖ ይቀበለዋልና። እውነቱ ሲመረመር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጊታሩ አንገት ላይ ነው።

ምሳሌዬን የምወስደው ከአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፤ ከአቃቂ ቃሊቲ ነው። ይህ አካባቢ ለብዙ ዘመን ጥጥ የተፈተለበት፤ ብረት የተቀረጸበት፤ ከባድ መኪና የሚጠገንበት የእጅ ሥራ አገር ነው። ድምፅም ለአቃቂ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመረቀውና አገራችን አቤቱታዋን ለውጭው ዓለም ያሰማችበት የራዲዮ ጣቢያ የቆመው በዚያው በአቃቂ ነበር። ዛሬ ደግሞ በቱሉ ዲምቱና በሌሎቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተ ሰቡን ይዞ ይኖራል። ከደመወዙ ቈጥቦ ለልጁ መሣሪያ ሊገዛ ወደ መሐል ከተማ የሚወጣው አባት ወይም እናት ምን ማወቅ ይገባቸዋል? ነገራችን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ቤዝ ጊታር እንደ ተለመደው አራት ወፋፍራም አውታሮች ያሉት፤ ድምፁም በኤሌክትሪክ የሚጐላ መሣሪያ ነው። ከሁሉ የወፈረው አውታሩ በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም ከተራው ጊታር ወፍራም አውታር እርግብግቢት ግማሹ ስለ ሆነ ድምፁ ጥልቅ ነው። ከአገራችን መሣሪያዎች ዘመድ ይፈለግለት ቢባል በገናን መጥቀስ ይቻላል። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። በበገና ላይ እንደ ንብ መንጋ ዝዝ የሚለው ድምፅ ሆን ተብሎ የሚፈለግ ነው፤ በየአውታሩ ሥር እንዝራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ የምትደረገው ስለዚህ ነው። በቤዝ ጊታር ላይ ግን አውታሩ ከብረት ጋር እየተነካካ ዝዝ ካለ መሣሪያው ጉድለት እንዳለበት ይነግረናል።

ቤዝ በባንድ ውስጥ ያለው ሥራ እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ዐይን አይገባም፤ ቢጎድል ግን ቤቱ ይናጋል። የችክችካን ምት ከከበሮው ጋር ተባብሮ የሚይዘው፤ ትዝታውም ሆነ ባቲው ሲዘፈን ከሥር ሆኖ የሚሸከመው እርሱ ነው። መሣሪያው ዛሬ ባለው መልክ በሰፊው የታወቀው ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቁመቱ ከሰው የሚበልጠውና ቆመው የሚጫወቱት ኮንትራባስ ነበር። በአገራችንም የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ በዚህ መሣሪያ ስማቸውን ያስጠሩ ናቸው። ሄኖክ ተመስገንም ቤዝን ሙያው አድርጎ ከመያዙ በላይ ለሌሎች በማስተማር የታወቀ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ቤዝ ልማር ቢል የሥራ ፈት ምኞት ነው ብለው አይናቁበት።

አሁን ወደ አንገቱ እንመለስ። አንገት የሚባለው አውታሮቹ የተዘረጉበትና የግራ እጅ የሚጨብጠው ረጅሙ እንጨት ነው። በላዩ በተርታ የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። አራቱ አውታሮች በልካቸው ሲወጠሩ በአንድነት ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል አንገቱን ይስባሉ፤ ይህም አንድ ጎልማሳ ሰው የተንጠለጠለበት ያህል ነው። እንጨቱ በዚህ ጭነት እንዳይጎብጥ በውስጡ የብረት ዘንግ ተቀብሮበታል። የአንገቱ ምቾት በሦስት ልክ ይወሰናል፤ እነርሱም ርዝመት፤ ስፋትና ውፍረት ናቸው።

ርዝመት ስንል አውታሩ በአንገቱ ራስ ካለችው መደገፊያ ተነሥቶ በጊታሩ ገላ ላይ እስካለው ድልድይ ድረስ ያለው ነው። የተለመደው 34 ኢንች ወይም 86 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። አጭሩ ደግሞ 30 ኢንች፤ ማለት 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 በሐምቡርግ የገዛው ቫዮሊን መሰሉ የሆፍነር ቤዝ ከአጭሩ ወገን ነው። ልዩነቱ በእጅ ላይ ምን ያህል ነው ቢሉ፤ ከአንደኛው ፍሬት እስከ አራተኛው ያለው ርቀት በረጅሙ ላይ 13 ሴንቲ ሜትር፤ በአጭሩ ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል በማስመሪያ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ጣቱን በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ለሚዘረጋ ልጅ ግን ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ገዢው ገና በልጅነት ዕድሜ ያለ ወይም እጁ ትንሽ የሆነ እንደ ሆነ አጭሩን መምረጥ ብልህነት ነው። አይባኔዝ የተባለው ኩባንያ ሚክሮ ብሎ የሰየመው ከዚህም ያጠረ ሲሆን ልኩ 28.6 ኢንች ነው። ይሁን እንጂ አጭር አንገት ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም፤ ወፍራሙ አውታር ላላ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ልኩን የጠበቀ አውታርም በየሱቁ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መለወጫ አውታሩ በከተማው መኖሩን ይጠይቁ። እጁ ያደገ ወጣት ግን ረጅሙን መፍራት የለበትም፤ በአንገቱ ታችኛ ክፍል ላይ የቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት እንደ አንድ አድርጎ ሦስት ፍሬት ብቻ መሸፈን የታወቀ የአጨዋወት ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ልክ ስፋት ነው፤ የሚለካውም በአንገቱ ራስ ባለችው መደገፊያ ላይ ነው። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ጃዝ ቤዝ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው የፕሪሲዥን አንገት ከ41 እስከ 44 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በጀማሪዎች ዘንድ የታወቀው የአይባኔዝ ጂኤስአር 200 ደግሞ 41 ነው። ጠባቡ አንገት ትንሽ እጅ ያለውን ያሳርፋል፤ ሰፊው ደግሞ ጣቱ ወፍራም የሆነውን አውታር ከአውታር እንዳያደባልቅ ይረዳዋል። አምስት አውታር ያለው ቤዝ አንገቱ ከሁሉም ይሰፋል፤ ጀማሪ ግን አራቱን ሳይጨርስ አምስተኛውን አይጨምር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለም?

ሦስተኛው ውፍረት ነው። ይህን ልክ ከዕቃው ጋር ጽፎ የሚሰጥ ሻጭ ብዙ ስለማይገኝ ዳኛው መዳፍ ነው። አንዳንዱ አንገት ከኋላው ክብ ሆኖ መዳፍን ይሞላል፤ ሌላው ጠፍጠፍ ብሎ የሳሳ ነው። ቀጭኑ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ስሕተት ነው፤ መዳፉ ትልቅ የሆነ ሰው ቀጭን አንገት ሲጨብጥ አውራ ጣቱ ያለ ልኩ ይታጠፍና ይደክማል። ጫማ ለሌላ ሰው እግር ተለክቶ እንደማይገዛ ሁሉ ጊታርም ልጁ በሌለበት መገዛት የለበትም። በድንገት ላስደስተው ብለው ብቻዎን አይሂዱ፤ ይዘውት ይሂዱ።

ከሱቁ ሲደርሱ ልጅዎ ተቀምጦ መሣሪያውን ይያዝ። የግራ እጁ አንጓ ሳይሰበር፤ ትከሻው ሳይነሣ፤ አንደኛውን ፍሬት መድረስ መቻሉን ይመልከቱ። ቀጥሎም አንገቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ይዳብስ፤ የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጥጥ ከሆነ አሠራሩ ችኰላ የበዛበት ነው። ከዚያ ማንገቻውን በትከሻው አድርጎ ይቁምና ሁለት እጁን ይልቀቅ። የጊታሩ ራስ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ግራ እጁ ዜማ ከመጫወት ይልቅ ሸክም ሲደግፍ ይውላል። ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ጥቂት ሊረዳ ይችላል፤ በጣም የሚወርደውን ግን ቢተዉት ይሻላል።

አሁን እርስዎ ጊታሩን አንሥተው ከድልድዩ በኩል፤ አናጢ ጣውላ እንደሚያይ አንድ ዐይንዎን ጨፍነው በአንገቱ ርዝመት ይመልከቱ። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተጠማዘዘ አንገት ካዩ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይመልሱት፤ መድኀኒቱ ከዕቃው ይወደዳልና። በርዝመቱ ጥቂት መጉበጥ ግን የሚስተካከል ነው። ይህንንም ለመለካት ወፍራሙን አውታር በአንደኛው ፍሬትና አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጭነው፤ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ፍሬትና በአውታሩ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ያስተውሉ። ክፍተቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው።

ይህን ያህል ጥቂት ነገር በምን ይለካል ለሚሉ መልሱ በቃሊቲ ጋራዦች አለ። መካኒኮች የሞተር ቫልቭ ክፍተት የሚለኩባት ፊለር ጌጅ የተባለች የቀጫጭን ብረቶች ጥራዝ ለዚህም ታገለግላለች። እርስዋ ብትታጣ አንድ የስም ካርድ ውፍረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካርዱ ሳይጨናነቅ ሳይላላም ካለፈ በቂ ነው። ሁለተኛው ልኬታ የአውታሩ ከፍታ ነው፤ በ17ኛው ፍሬት ላይ ከብረቱ ጫፍ እስከ አውታሩ ሥር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጣት አይጎዳም። ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ አውታር ለመጫን ጕልበት ስለሚፈልግ ቀደም ብለን ያነሣነው የአንጓ ሕመም ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

በመጨረሻም ልጅዎ በየአውታሩ ሁሉንም ፍሬት አንድ በአንድ ይጫን። ዝዝ የሚል ወይም ድምፁ የሚታፈን ስፍራ ካለ ምልክት ያድርጉበት። በ12ኛው ፍሬት የሚሰማው ድምፅ አውታሩ ሳይጫኑት ከሚሰጠው ድምፅ ልክ አንድ ስምንትዮሽ ከፍ ያለ መሆን ይገባዋል፤ ይህንንም በእጅ ስልክ ላይ ባለ መቃኛ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁር አይቸኩሉ፤ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ነውና።

ስለ ዋጋ ደግሞ ጥቂት እንናገር። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለደመወዝተኛ እንደ ከበደ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ያገለገለ መሣሪያ መግዛት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ደኅና ሆኖ የተያዘ አሮጌ ከማይረባ አዲስ ይበልጣል። ያረጀ አውታር፤ የሚንኰሻኰሽ የድምፅ መቈጣጠሪያ፤ የተላላጠ ቀለም በትንሽ ወጪ የሚታረሙ ናቸው፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዱዎታል። የተጠማዘዘ አንገት፤ የተበላ ፍሬትና መዞር የተሳነው የውስጥ ዘንግ ግን የገዢውን ኪስ የሚያራቁቱ ናቸው።

በጊታሩ ራስ ላይ በተጻፈው ስም ብቻም አይታለሉ፤ የታላላቅ ኩባንያዎችን ስም አስመስሎ መጻፍ ቀላል ነው። በሌላ በኩል ስኳየር የሚለውን ስም አይተው ሐሰተኛ ነው አይበሉ፤ ፌንደር ራሱ ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ በቅናሽ ዋጋ የሚያሠራቸው መሣሪያዎች መጠሪያ ነው። ያማሃና አይባኔዝም ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ዕቃ ያላቸው ናቸው። ሆኖም ከአንድ ፋብሪካ በወጡ ሁለት ጊታሮች መካከል እንኳ ልዩነት ስለማይጠፋ ምስክሩ ያው አንገቱ ነው።

ያለዎትን ገንዘብ ሁሉ በጊታሩ ላይ አያፍስሱ። ለማንገቻ፤ ለገመድ፤ ለመለወጫ አውታርና ለትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚሆን ያስቀሩ፤ አንገቱን ለሚያስተካክል ባለሙያም የእጅ ዋጋ ያስቡ። በአሜሪካ ያለ ዘመድ ድምፅ ማጉያ ቢልክልዎ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ፤ የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ያህል ሲሆን የእኛ 220 ስለ ሆነ መለወጫ ከሌለው ይቃጠላል። በጋራ መኖሪያ ቤት ለሚኖር ሰው ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ ማጉያ ይመረጣል፤ ጥልቅ ድምፅ ግድግዳን አልፎ የሚሄድ ስለ ሆነ ከጎረቤት ጋር ያለን ሰላም በዚሁ ይጠበቃል።

ገንዘቡ ከልጆች ቀለብ ወይም ከቤት ኪራይ የሚነሣ ከሆነ ግን ይቈይ። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይላል ያገራችን ሰው። በመሥሪያ ቤት ዕቁብ ቀስ ብሎ ማጠራቀም ይቻላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቤተ ሰብ ተባብረው አንድ መሣሪያ ገዝተው ልጆቻቸውን በተራ ማስጠናትም ይችላሉ። አንድ ጥሩ አንገት ለሦስት ልጆች ሲያገለግል ሦስት መጥፎ አንገቶች ለአንዱም አይበጁም።

መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ጥበቃ ይፈልጋል። እንጨት በክረምት እርጥበት ይስባል፤ በበጋ ይደርቃል፤ ስለዚህ አንገቱ በዓመት ውስጥ ጥቂት መንቀሳቀሱ አይቀርም። በፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ከግድግዳም አስደግፈው አይርሱት። የውስጡን ዘንግ ማስተካከል ቢያስፈልግ ልኩ በሆነ ቁልፍ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፉ፤ እየተቃኘና እየታየ ይደረጋል። ብሎን ሲጠብቅ የት ላይ ማቆም እንደሚገባ የእጅ ባለሙያ ያውቃል፤ የማያውቅ ሰው ግን ለሚያውቀው ይተውለት።

ልጅዎም ሲለማመድ መካከሉን እያረፈ ይሁን። የጣት ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢላጥ ወይም ቢቈስል የተለመደ ነው፤ ቆዳው ይጠነክራል። አንጓው ቢያመው፤ እጁ ቢደነዝዝ ወይም ቢነዝረው ግን «ቻለው» አይበሉት፤ ልምምዱን አስቁመው አያያዙንና የአውታሩን ከፍታ ያስመርምሩ፤ ካልተወው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ክቡራን አድማጮች፤ ከልጆቻችን ሁሉ ዝነኛ ሙዚቀኛ አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ነገር ግን ከሌሎች ጋር ተስማምቶ፤ ጊዜ ጠብቆ፤ ራሱን ሳያጐላ ሥራውን በትጋት መፈጸም ቤዝ ተጫዋች በየቀኑ የሚለማመደው ጠባይ ነው፤ ለመሥሪያ ቤትም ሆነ ለአገር የሚፈለገው ሰው እንዲህ ያለው ነው። ልጅዎ ይህን መንገድ ጀምሮ ቢተወው መብቱ ነው፤ ሲተወው ግን ፈልጎ ይሁን እንጂ አንገቱ ጠማማ የሆነ እንጨት እጁን ጎድቶት አይሁን። በልጁ ላይ ከመፍረድዎ በፊት መሣሪያውን ይመርምሩ።